እትዬ የሺ ባርሴሎናን በሃያ ዩሮ

አልጋ አሥራ ስድስት ዩሮ፣ ሜትሮ አንድ ዩሮ ከአሥራ አምስት፣ ዳቦ ስልሳ ሳንቲም፣ ሦስት ቲማቲም ዘጠና ሳንቲም፣ ቡና አንድ ዩሮ ከአሥር። ተደምሮ ሃያ ዩሮ አይሞላም። ወይዘሮ የሺእመቤት ባርሴሎና ውስጥ ውለው ለማደር የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው። ውሃ ከአደባባይ ቧንቧ ይቀዳል። ቡናዋም ትቅር ብትሏቸው፣ "እሷን አትንኩብኝ" ይላሉ።

አበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ምንም ሳይከፍል ሁሉን ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ለዕረፍት ሦስት ዓመት ስታጠራቅሙ እሱ ሄዶ መጥቷል። ሰሞኑን የት ጠፋህ ስትሉት፣ ገበያ ደርሶ እንደመጣ ሰው "ሊዝበን" ይላችኋል። የአትላንታው እኚህ ናቸው፦ ክብርት ወይዘሮ የሺእመቤት፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት እመቤት፣ የአየር መንገድ የአውሮፕላን ጽዳት ሠራተኛ፣ የአሥራ አንድ አገር ጎብኚ። እኛ እትዬ የሺ እንላቸዋለን። መመሪያቸው አንድ ነው፤ "ዓይን አይከፍልም።"

አየር መንገዱ ሠራተኞቹን ለስሙ ያህል አስከፍሎ ያበርራል። ለወዳጅ የሚሆን፣ ቡዲ ፓስ የሚሉት ትኬትም ይሰጣቸዋል። ጣጣው ስታንድባይ መሆኑ ነው። ወንበር ከተረፈ ትሳፈራላችሁ፤ ካልተረፈ መሳፈሪያው ጌት ላይ ተቀምጣችሁ የሰው ሻንጣ ስትቆጥሩ ትውላላችሁ። ባለፈው ነሐሴ መግቢያ ላይ አንዱን ፓስ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ሩሐማን ከወለድኩ ወዲህ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ አትላንታ ዳር ካለው መኖሪያዬ ከሎረንስቪል ወጥቼ የማውቀው ኮሌጅ ፓርክ ሰፈር ያለውን የምሠራበትን ሆቴል ብቻ ነው። ሜዲትራኒያንንም ያየሁት ሃይስኩል ሳለሁ፣ ካርታ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ስቀባው ነበር።

ግን አንድ ነገር ነበረብኝ። ሩሐማ ማክሰኞ ኪንደርጋርተን ትጀምራለች። ቢጫው አውቶቡስ ሲመጣ እጇን ይዤ እንድቆም አስምላኛለች። ባለቤቴ ስለሺ እኔ አለሁ፣ ሂጂ ቢለኝም፣ ልጅቷ "ዳዲ ሳይሆን አንቺ" ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። የመመለሻው በረራ ሰኞ ጠዋት ነው። እሱ ካመለጠኝ አለቀልኝ።

ይህንን ስነግራቸው እትዬ የሺ፣ "ሰኞ ማታ ቤትሽ ነሽ፤ ቃሌ ነው" አሉና ወደ ሻንጣዬ ዞሩ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘረገፉት። ሁለት ጫማ፣ የጸጉር ማድረቂያና ጡብ የሚያክል የሽቶ ጠርሙስ አስቀሩ። የተረፈችዋን እፍኝ ልብስ በልጃቸው በሄኖክ አሮጌ የሃይስኩል ቦርሳ ከትተው አሸከሙኝ። የራሳቸው ቦርሳ ውስጥ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የገብስ ቆሎ አለ። ሚጥሚጣው በፎቶ ፊልም ዕቃ ውስጥ ነው።

እሁድ ጠዋት ደረስን። ፍልሰታ የገባበት ቀን ነበር። ጾም ለነፍስ የታዘዘ ቢሆንም ለኪስም እንደሚበጅ እትዬ የሺ ሜትሮው ውስጥ አስረዱኝ። እውነታቸውን ነው። ምግብ ቤቶቹ በራፍ ላይ የተሰቀለውን ዋጋ እያነበብን፣ የዓሣ ጥብሱን ሽታ እያሸተትን፣ ቲማቲማችንን በሚጥሚጣ እየነከርን አለፍን። ሽታም አይከፍልም።

ላ ራምብላ በሚባለው መንገድ ላይ፣ መላ ሰውነቱን የብር ቀለም ተቀብቶ እንደ ሐውልት የቆመ ወጣት አለ። ሰው ሳንቲም ይጥልለታል። እትዬ የሺ ዙሪያውን ዞረው አዩት። ላቡን አዩ። ከዚያ በአማርኛ፣ "አይ ልጄ፣ መቆሙስ አደከመህ" ብለው የተዘረጋ መዳፉ ላይ ቆሎ አፈሰሱለት። ሐውልቱ ለጥቂት ጊዜ ታገሠ። በኋላ መንጋጋው ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያን ቀን ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሐውልት ያንቀሳቀሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ዓለም ሁሉ የሚጎርፍበት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። መግቢያው ስምንት ዩሮ ነው፤ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሯል። እኔ ቦርሳዬን ስዳብስ እትዬ የሺ እጄን ያዙ። ለእግዚአብሔር ቤት ትኬት እንደማይቆርጡ፣ ደጅ መሳለም ደግሞ ከእናት ካባት የወረስነው እንደሆነ አስታወቁኝ። አጥሩ ጋ ቀረብ ብለው ሦስት ጊዜ ሰገዱ፤ ብረቱን ሳሙ። እኔም ሳምኩ። ከኋላችን የነበሩ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ይህ የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሳሙ። እትዬ የሺ ከበሩ የሚወጡትን ሰዎች እጅ እጃቸውን አይተው፣ "ከእኛ የተለየ ምን ይዘው ወጡ?" አሉኝ።

ሊመሽ ሲል ባሕሩ ጋ ደረስን። ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ገባን። ሰማያዊ እርሳሴ ተሳስቶ ኖሯል፤ ቀለሙ እንደዚያ አይደለም። በመዳፌ እየጨለፍኩ ደጋግሜ አየሁት። ከስልክ መደወያ ቤት ስደውል ሩሐማ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። "ነገ?" አለችኝ። ነገ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ጌቱ ላይ ስንደርስ አውሮፕላኑ ላይ የተረፈው አንድ ወንበር ነው። ከእኛ ሌላ የሚጠብቅ የለም። በደንቡ ሠራተኛ ይቀድማል፤ ወዳጅ መጨረሻ ነው። የሺእመቤት ተብሎ ሲጠራ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ተነሥተው የጌቱን ሠራተኛ በዚያች በእንግሊዝኛቸው ሲያናግሯት አየሁ። ሲመለሱ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም ነበር።

"ግቢ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሥራዎስ? ነገ ሺፍት አለዎት።"

"ሥራዬ አውሮፕላን መጥረግ ነው። ቆሽሾ ይጠብቀኛል። ልጅ ግን ትምህርት የምትጀምረው አንድ ቀን ነው።"

ማክሰኞ አውቶቡሱ መጣ። ሩሐማ እጇን መንጭቃኝ ሮጣ ወጣች፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ቢሆንም እዚያው ነበርኩ።

እሳቸው ወንበር አግኝተው የተመለሱት ዓርብ ነው። ያደርንበት ሆስቴል ውስጥ አንሶላ እያጠፉ በነጻ አድረዋል፤ ባሕሩንም በየቀኑ አይተዋል። የሦስት ቀን ደመወዝ መቆረጡን የሰማሁት ከሥራ ባልደረባቸው እንጂ ከእሳቸው አይደለም።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው ሙገሳውን ተይው አሉኝ። በምትኩ ይህንን መልእክት ለእናንተ ላኩ፦

"በመጪው ነሐሴ ፓሱ የአሰፋሽ ነው፤ ቻምብሊ ሰፈር የምትኖረው። ዘጠኝ ዓመት ከሥራና ከቤት ሌላ አላየችም። ሃያ ዩሮ አታጣም። ያጣችው ሁለት ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ነው። ወንዱ ሽንኩርት አይበላም፤ ሴቷ መብራት ከጠፋ አትተኛም፤ ሌላ ዓመል የላቸውም። እባካችሁ፣ ለሁለት ቀን ያዙልን። ስታንድባይ ስለሆነ ደግሞ፣ ሁለት ያልኩትን አምስት አድርጉልኝ።"