እስከ ንጋት የሰበርኩት መስመር

የዓለም ጠቢብ ሁሉ ዕድሜውን የሚፈጀው ወሬ እንዲፈጥን ነው። በፈረስ ነበረ፤ በሽቦ ሆነ፤ ከሽቦ ወደ አየር ወጣ። በመጨረሻ ብርሃንን የሚያህል ነገር ይዘው ከፀጉር በማይወፍር መስታወት ውስጥ ከተቱትና “በል ሩጥ” አሉት። የኛ አገር ሰው ግን ሌላ ጥበብ አለው፤ ወሬ ማዘግየት። ምን ያህል ከባድ ሙያ እንደሆነ የሚያውቀው መርዶ አርድቶ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ሰው ልጁ የሞተበት ቀን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማዶ ያለው ጎረቤት ያውቃል፤ ደብሩ ያውቃል። የማያውቀው ባለ ሐዘኑ ብቻ ነው። እህል እስኪቀምስ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ይጠበቅለታል። ታዲያ የትኛው ይበልጣል? ማፍጠኑ ወይስ ማዘግየቱ? እኔ ሁለቱንም ሠርቻለሁ። ደመወዝ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ሥራዬ የፋይበር መስመር መቀጠል ነበር። ነበር የምለው አሁን ዓይኔ እምቢ ስላለኝ ነው። ወደ ሥራው የገባሁት በትምህርት እንዳይመስላችሁ፤ በአካፋ ነው። የስማዳ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ምን እበላ እንደነበር መተረክ አልወድም፤ የሌለ ነገር አይተረክም። ኬብል የሚቀበርበትን ቦይ ስቆፍር ባለሙያዎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲቀጥሉ አየሁ። ጥላው አማረኝ። ሌላው ሰው ሙያ የሚመርጠው በምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የመረጥኩት በጥላው ነው።

ሥራውን ላላየ በአጭሩ ላስረዳ። ኬብሉ ከመሬት ወጥቶ ክፍል ውስጥ ይገባና ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የብረት ሣጥን ውስጥ ይዘረጋል። ልባሱን ስትልጡት ባለቀለም ክሮች ታገኛላችሁ። ክር እላቸዋለሁ እንጂ መስታወት ናቸው። የክሩን ቀለም ትገፍፋላችሁ፤ በአልኮል ትወለውላላችሁ፤ ጫፉን በመቁረጫው ቀጥ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ከወዲያ ከመጣው ወንድሙ ጋር ማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት ታጋድሙታላችሁ። ማሽኑ በትንሽ ብልጭታ አቅልጦ ያጋባቸዋል። ጋብቻው ከሰመረ ጲጵ ይላል፤ ካልሰመረ ቆርጦ እንደገና ነው። የሰመረውን ጠቅልላችሁ በሣጥኑ ሳህን ላይ ታስተኙታላችሁ። ስባሪው ግን እርግማን ነው። ጣት ውስጥ ከገባ አይታይም፣ አይወጣም። የየትኛውን መሥሪያ ቤት መስመር በጣቴ ይዤ እንደምዞር ዛሬም አላውቅም።

ነገሩ የሆነው የታች ጋይንቷ ከተማ አርብ ገበያ ነው። አይጥ የስልክ ጣቢያው ሣጥን ውስጥ ገብታ ክሮቹን በላቻቸውና ከተማው ከነገጠሩ ጸጥ አለ። ታች ጋይንትን የሚያህል የገብስ አገር እያለ መስታወት መብላት ምን ይሉታል? የሞባይሉ ማማም የሚተነፍሰው በዚያው መስመር ስለነበር በየኪሱ ያለው ስልክ ሁሉ ሰዓት ማያ ሆኖ ቀረ። እኔም አዲስ ሣጥን አስጭኜ መጣሁ።

የጣቢያው ዘበኛ አያ ታከለ ይባላሉ። ረጅም ናቸው፤ ወሬ አያበዙም። ሐሙስን ሙሉ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባትሪ አበሩልኝ። አሮጌውን ሣጥን ነቅለን አዲሱን ስንሰቅል ብሎኑን ያጠበቁት እሳቸው ናቸው። በኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ አለ። ልጃቸው ጌትነት መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውልላቸው ነበር። አይጧ መስመሩን ከበላች ወዲህ ድምፁን አልሰሙም። ክር በቀጠልኩ ቁጥር “ስንት ቀረ?” ይላሉ። “ትንሽ ነው አያ” እላለሁ። ማሽኑ ጲጵ ሲል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ልክ የቅኔ ቤት መምህር የተማሪው ቅኔ ቤት ሲመታለት እንደሚያደርገው። ያን ቀን አንድም አልተበላሸብኝም። “እጅህ የሸማኔ ነው” አሉኝ። ሙገሳ ስላልለመድኩ ቀጣዩን ክር አነሣሁ።

በማግሥቱ ገበያው ቆሟል። አህያና ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። እኔ የቀረኝ ጥቂት ክር ነው። አያ ታከለ ስልካቸውን ከላስቲኩ አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው እጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። በዚህ መሐል የንስሐ አባታቸው ቄስ እንባቆም መጡ። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማሩ፣ ድምፃቸው ገደል የሚሻገር ሰው ናቸው። “ታከለ፣ ይኸን ልጅ ለአንድ አፍታ አውሰኝ፤ የደብራችን የድምፅ ማጉያ ሽቦው ተበጥሷል” አሉ። ተከትያቸው ወጣሁ። ከጣቢያው ጀርባ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። የድምፅ ማጉያ የለም። ደብሩም የድምፅ ማጉያ ኖሮት አያውቅም።

ጌትነት ሞቷል። ወባ ነው አሉ። እዚያው ሰሊጡ ማሳ አጠገብ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። አብሮት የወረደ የመንደሩ ልጅ ያን ጠዋት ከመኪና ወርዶ፣ ወጉ እንደሚያዘው፣ ከማንም ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ቄሱ መጥቷል። እናቱ ከከተማው ማዶ ካለው መንደር ናት። አባትና እናት በአንድነት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ነገ ሲነጋ ይረዳሉ። ለዚህም አያ ታከለ ዛሬ እቤታቸው ማደር አለባቸው። ችግሩ አልሄድም ብለዋል።

“ላሚቱ ታማለች ብለን ላክንበት” አሉ አንደኛው ሽማግሌ። “ምን አለ መሰለህ? ላሚቱ ብትሻው ትሙት፤ መስመሩ ዛሬ ያልቃል ተብያለሁ፤ ልጄን ሳላናግር ንቅንቅ አልልም አለ።”

“መስመሩ ተከፈተ ማለት” አሉ ቄሱ፣ “መተማ ያለው የአገር ልጅ ሁሉ እየተሻማ ይደውልለታል። በል ፍረድ፤ ሰው የልጁን ሞት እንዲህ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይስማ?”

ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁ። “አበላሸው” አሉኝ። ውሸት አይሆንም ወይ አባ ብላቸው፣ ለመርዶ የተዋሸ ውሸት ንስሐ አያሻውም አሉ። እኔ ከአካፋ የመጣሁ ሰው ድጓ ከተማረ ጋር አልከራከርም።

ባይለምኑኝም አደርገው ነበር። የእናቴን ሞት የነገረኝ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ መኪናው ሳይቆም፣ እኔ ቦዩ ውስጥ ሆኜ። “እናትህን ቀበርናት” ብሎኝ አለፈ። አቧራው እስኪሰክን ቆምኩ። ከዚያ መቆፈሬን ቀጠልኩ፤ የቀኑ ድርሻ ተለክቶ የተሰጠ ነበር። ስለዚህ ይኸን ያህል ይበቃል።

ማበላሸት ቀላል ይመስላችኋል? ለምዶ የሠራ እጅ አበላሽ ሲሉት ያፍራል። የመጀመሪያውን ክር ስቀጥል ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበርና ማሽኑ ጲጵ አለ። አያ ታከለ ብድግ አሉ። እኔ ደግሞ ሳወጣው ያመለጠኝ አስመስዬ ቀጭ አደረግሁት። “አይ ተሰበረ!” አልኩ። ተቀመጡ። ሁለተኛውን ሆን ብዬ አጣምሜ ቆረጥኩ። ሦስተኛውን በአልኮል ሳልወለውል አስገባሁ። እያንዳንዱን ስሰብር “ምን ነካው ዛሬ?” እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ስባሪውን በጥንቃቄ ከመሬት ለቅመው ጠርሙስ ውስጥ ይከቱልኛል። ጣቴን እንዳይወጋኝ ብለው ነው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እኩለ ቀን ላይ ቄስ እንባቆም ተመልሰው መጡና አያ ታከለን ምሳ ጋበዟቸው። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርምና። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምን ምሳ አለ ቢሏቸው፣ ለደከመ ሰው እኔ እፈታዋለሁ አሉ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ አርብን የሚያህል ጾም በአንድ ቃል ሲፈታ! በልተው ተመለሱና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

የፈራሁት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ተቆጣጣሪያችን ከደብረ ታቦር በፒካፕ ከተፍ አለ። ለምን አልነገርከውም ትሉኝ ይሆናል። ለእሱ መንገር ለገበያው መንገር ነው፤ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሣጥኑን አየ፤ ስባሪ የሞላውን ጠርሙስ አየ፤ እኔን አየ። “ይኸ ነው ሙያህ? ትናንት ሊያልቅ የደረሰ ሥራ ዛሬ እንዴት ይበላሻል? እኔ ድሮም ብያለሁ፤ ከቦይ ቆፋሪ ባለሙያ አይወጣም!” አለ። የጠርሙሱን ክዳን ገጠምኩ። ስድብ ችሎ ማለፍ ከልጅነቴ የተረፈኝ ብቸኛ ውርስ ነው።

አያ ታከለ ግን ተነሡ። “ተው ጌታዬ፤ ልጁ ትናንት እንደ ሸማኔ ነበር ሲቀጥል የዋለው። ዛሬ አንድ ነገር ሆኖ ነው እንጂ እጁስ ደኅና ነው” አሉት። እኔን ለማዳን ብለው ነበር። ለምን እንደማበላሽ ቢያውቁ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ማሽኑን መወልወል ጀመርኩ።

“ዞር በል!” አለኝ ተቆጣጣሪው። መነጽሩን አድርጎ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ሰውዬው በወጣትነቱ ጎበዝ ቀጣይ እንደነበር ሁልጊዜ ያወራልን ነበር። እነዚያን ጥቂት ክሮች ከቀጠላቸው የቄሱም፣ የሽማግሌዎቹም፣ የእኔም ድካም ከንቱ ነው። አያ ታከለም ስልካቸውን አንሥተው ያዙ። የመጀመሪያውን ክር ገፈፈ፤ ተሰበረ። ሁለተኛውን ቆረጠ፤ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሦስተኛው ገና እጁ ላይ እንዳለ ሄደ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ወንበር ላይ የኖረ እጅ ነዋ! እኔ በአደራ የምሰብረውን እሱ በሙያ ሰበረው። ሲያልቅበት መነጽሩን አውልቆ ማሽኑን በጥፊ መታና “ማሽኑ ነው” አለ። አዎ ማሽኑ ነው አልኩ። በሕይወቴ ከአለቃ ጋር እንደዚያ ቀን ተስማምቼ አላውቅም። እስከ ነገ ረፋድ ድረስ ካልሠራ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ ብሎ ዝቶ ሄደ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ “አያ፣ ዛሬ አይሆንም፤ ይሂዱ፤ ነገ ይሠራል” አልኳቸው። ተረኛው ዘበኛ ደርሷል፤ ቄስ እንባቆምና ሽማግሌዎቹ ከበሩ ውጭ በአጋጣሚ የተገናኙ መስለው ይጠብቃሉ። አያ ታከለ በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ጋቢያቸውን አጣፉ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተው በእጄ አስጨበጡኝ።

“ያዝልኝ” አሉ። “ነገ መስመሩ ሲከፈት አንዱ ቢያበራው ይጮኻል። እናቱ ካለችበት ቤት አይጩህ።”

ምን ማለትዎ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

“ትናንት እጅህ እንዲህ አልነበረም” አሉኝ በቀስታ። “ቄስ እንባቆምም ጾም አስፈትተው ምሳ ጋብዘውኝ አያውቁም።” በሩን አዩት። “እሷ አልሰማችም። በወጉ ትስማ። ባውቀውም እኔ እዚያ መድረስ አለብኝ፤ ያላወቅሁ ሆኜ።” እግራቸውን አንሥተው ቆም አሉና፣ “ለቄሱ እንዳትነግር። ቀኑን ሙሉ ሲለፉ ዋሉ” ብለውኝ ወጡ። ከውጭ ቄሱ “እህ ታከለ፣ እንግዲህ ላሚቱን እንያት” ሲሉ፣ እሳቸውም “አዎ፣ እንያት” ሲሉ ሰማሁ።

ቅዳሜ ሲነጋ የለቅሶው ጩኸት ከማዶ እስከ ጣቢያው ተሰማ። ተቀምጬ የቀሩትን ክሮች ቀጠልኩ። አንድም አልተሰበረም። ከተማው ድምፁን አገኘ፤ ሰው በየደጃፉ “ሃሎ! ሃሎ!” ይላል። የአያ ታከለን ስልክ ከኪሴ አላወጣሁትም።

ከቀትር በኋላ ቄስ እንባቆም ከለቅሶው ተመለሱ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ዘግቷል፣ ግን ሥራው የሠመረለት ሰው ገጽታ አላቸው። “አየህ ልጄ” አሉኝ፤ “መርዶ በወጉ ሲነገር እንዲህ ነው። ሰውዬው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ምንም አልጠረጠረም። ላሚቱን እንኳ ዞሮ አይቶ፣ ደኅና ናት ብሎን ነው የተኛው። እኔማ አንተ ውሸት አይሆንልህም ብዬ ሰግቼ ነበር።”

“አዎ አባ፣ ምንም አልጠረጠሩም” አልኩና መስቀላቸውን ተሳለምኩ።