የሐይቅ ሕሙማን ቃል አቀባይ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ብቻውን ሐኪም ቤት የሄደ በሽተኛ ካለ፣ እትዬ ፈሂማ ሳይሰሙ የታመመ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር መቼም የለም። የእኛዋ ክብርት ግን ይለያሉ። አያ ጁማ ኪንታሮታቸውን ለሐኪሙ በሹክሹክታ ሊነግሩ ሲሉ፣ እሳቸው ቀድመው ተናግረው ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ። አያ ጁማ ድነዋል፤ በዚያ ሐኪም ቤት በር ግን እስከ ዛሬ አያልፉም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ እትዬ ፈሂማ። የሌላውን በሽታ ማለታቸው ነው።

ሂዳያ የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲነገራት፣ ከበሽታው ቀጥላ የፈራችው እሳቸውን ነው። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ለማየት ወደ ደሴ የምትሄድ ዕለት በማለዳ ሹልክ ብላ ወጣች። መናኸሪያ ስትደርስ፣ እትዬ ፈሂማ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ይዘውላት ተቀምጠዋል።

«ነይ ልጄ፣ ምን አስረፈደሽ?»

ሂዳያ መንገዱን ሙሉ አንድ ጥያቄ በልቧ ታመላልስ ነበር። ከዚህ መድኃኒት በኋላ ትወልድ ይሆን? ኒካዋ ሊታሰር ቀን ተቆርጧል። ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም፤ ያላገባች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አፏ ላይ አይገኝም።

«ሰኞ ኬሞውን እንጀምራለን» አለ ደሴ ያለው ሐኪሟ። «ጥያቄ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ሂዳያ።

«አለ እንጂ» አሉ እትዬ ፈሂማ። «ይህ መድኃኒት መውለድ አይከለክላትም?»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውጭ ወረፋ የያዙት ወሬያቸውን አቆሙ። ሂዳያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ገና ስላላገባች አላነሳሁትም» አለ ሐኪሙ።

«ላላገባች ማሕፀን አልተሰጣትም?»

ሐኪሙ አፍሮ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። መድኃኒቱ መውለድ ሊከለክላት እንደሚችል፣ አዲስ አበባ ግን እንቁላሏን አውጥተው አቀዝቅዘው የሚያቆዩላት ሐኪሞች እንዳሉ ነገራቸው። ይህ ከኬሞው በፊት መሆን አለበት፤ ሁለት ሳምንት ያዘገያል።

እትዬ ፈሂማ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ካንሰሩ በሁለት ሳምንት ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል አሰቡና ፊታቸው አመድ መሰለ። ጥያቄ ሲያልቅባቸው ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ብዘገይ ይገድለኛል?» አለች ሂዳያ።

ሐኪሙ ውጤቶቿን እንደገና አገላበጠ። እትዬ ፈሂማ ከንፈራቸው ብቻ በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

«ሁለት ሳምንት እንታገሣለን» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በላይ አንድ ቀን አልጨምርልሽም። ልጅ ይገኛል ብዬም ቃል አልገባም። አዲስ አበባ ማን ይዞሽ ይሄዳል?»

እናቷም ወንድሟም ቢጠየቁ እምቢ አይሉም ነበር።

«እሳቸው» አለች ሂዳያ።

እትዬ ፈሂማ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡት። «እኔ እኮ ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች፤ እጃቸውን ይዛ። «ተራ በተራ እንጠይቃለን።»