ቶፕን የገለበጠው ሊቅ

(አዲስ ፀጉር ቤት። አንድ ወንበር ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል። ሰፈሩ በሹፈት «ሊቁ» የሚለው የማስታወቂያ ጸሐፊ የቤቱን ስም በእንግሊዝኛ ግድግዳው ላይ እየጻፈ ነው፤ የቀለም ጣሳውን እዚያው ካገኘው ሚስማር ላይ አንጠልጥሎታል። የሚስቱ ወንድም «ፈዛዛው» ትልቅ መስታወት ታቅፎ ከኋላው ቆሟል። ሚስቱ ጠዋት «ይህንንም ካበላሸህ ብሩሹን ለወንድሜ ታስረክባለህ» ብላዋለች፤ ያለችውን የማታስቀር ሴት ናት።)

ፈዛዛው፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ የምለው...

ሊቁ፦ አትበል። አንተ ከምትናገር መስታወቱ ቢናገር ይሻላል።

ፈዛዛው፦ የቤቱ ስም «ቶፕ» አይደል? አንተ ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው የጻፍከው።

ሊቁ፦ ተመስገን፣ ለካ ዓይን አለህ። ደንበኛው የሚያየው በመስታወት ነው። መስታወት ይገለብጣል። የተገለበጠውን ሲገለብጠው ይቃናል። ገባህ?

ፈዛዛው፦ አልገባኝም።

ሊቁ፦ እንዲገባህም አልነገርኩህ። እንግሊዝኛ ቃል እንዳንተ አንድ ፊት ብቻ ያለው መሰለህ? «ቶፕ» አናት ነው። ከላይ የሚለበስ ልብስም ነው፤ ልጆች የሚያሽከረክሩት መጫወቻም ነው። በጀርባው ግባ ደግሞ «ፖት» ይሆንልሃል፤ ድስት!

ፈዛዛው፦ አናት ሲገለበጥ ድስት ሆነ?

ሊቁ፦ ያንተማ ሳይገለበጥም ድስት ነው፤ ያውም ባዶ።

ፈዛዛው፦ ሌላም አለ?

ሊቁ፦ ሞልቶ! «ኔት» መረብ ነው፤ ገልብጠው፣ «ቴን»፣ ዐሥር። «ራው» ጥሬ ነው፤ ገልብጠው፣ «ዋር»፣ ጦርነት።

ፈዛዛው፦ እህቴ ያልበሰለ ስታቀርብልህ ቤቱ የሚታመሰው ለዚህ ነው?

ሊቁ፦ እህትህን እዚህ አታምጣት!

(ፈዛዛው ወንበሩን አየ። ሚስማሩን አየ። ተመልሶ ወንበሩን አየ። እንዲያስብ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ እሱም አይቸኩልም።)

ፈዛዛው፦ ጋሼ፣ እጄ ዛለ። መስታወቱን የት ልስቀለው?

ሊቁ፦ (ሳይዞር) ከኋላህ ነዋ! ይህም ይጠየቃል?

ፈዛዛው፦ ከኋላዬማ በሩ ነው።

ሊቁ፦ በሩ?

ፈዛዛው፦ ወንበሩም የዞረው ወዳንተ ነው።

ሊቁ፦ አዙረዋ!

ፈዛዛው፦ በብሎን ታስሯል።

(ሊቁ ዞረ። በሩ በር ነው፤ ወንበሩም ፊቱን ወደ ጽሑፉ አድርጎ ተቀምጧል። የሊቅነቱ ወዝ ከፊቱ ጠፋ።)

ሊቁ፦ ታዲያ... መስታወቱ የት ሊሰቀል ነው?

ፈዛዛው፦ ጣሳህን ያንጠለጠልክበት ሚስማር ላይ። ገና አፌን ስከፍት «አትበል» አልከኝ።

ሊቁ፦ ጽሑፌስ?

ፈዛዛው፦ ከመስታወቱ ጀርባ ይቀራል። መስታወቱ ሳይሰቀል ድስት ነው፤ ሲሰቀል ደግሞ ምንም።

(ከውጭ የፀጉር ቤቱ ባለቤትና የሊቁ ሚስት እያወሩ ሲመጡ ይሰማል።)

ሊቁ፦ የኔ ወንድም፣ ስወድህ! አንድ መላ በለኝ።

ፈዛዛው፦ መጀመሪያ መስታወቱን ያዝልኝ።

ሊቁ፦ (በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ) እህ... ያዝኩ። ከዚያስ?

ፈዛዛው፦ (ብሩሹን ከአፉ እየወሰደ) ከዚያማ አትበል።