ፊቱን ተዉትና ኮሌታውን እዩ

ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ አሮጌ ካሜራ ሰብሳቢ አይጠፋም። ከሌለም ቀርቶ አይደለም፤ መንገድ ላይ የተጣለ ሌንስ አይቶ ቆሞ ነው። የዚህ ቤት ሰብሳቢ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው ባወጣችላቸው ማዕረግ፣ ክቡር ሊቀ ካሜራ ይባላሉ።

ካሜራዎቹ ስንት እንደሆኑ መቁጠሩን ሚስትየዋ ከተወችው ቆይታለች። ፎቶ የሚያነሳ ግን ከመሃላቸው ተፈልጎም አይገኝም። አንዱ አይከፈትም፣ አንዱ ከተከፈተ አይዘጋም፣ አንዱ ደግሞ ፊልሙ መመረት ካቆመ ትውልድ አልፏል። ክቡርነታቸው ሁሉንም አንድ በአንድ እየወለወሉ “ይቺ እኮ ታሪክ ናት” ይላሉ። ታሪክ ከሆነች ከእኔ ቀሚሶች መሃል ምን ትሠራለች ብትላቸው፣ የቁም ሳጥኑ አየር እንደሚስማማት በትዕግሥት አስረዷት።

የእህታቸው ልጅ ስታገባማ ጉድ ፈላ። የተቀጠረውን ፎቶ አንሺ “የዘንድሮ ፎቶ ነፍስ የለውም” ብለው አሰናበቱና ራሳቸው ቆሙ። ቤተሰቡ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ድሮ ሰው ፎቶ ለመነሳት አንገቱን በብረት አስደግፎ እንደ ሐውልት ይቀመጥ እንደነበር፣ የማይስቀውም ኮርቶ ሳይሆን ሳቅ ያን ያህል ስለማይቆይ መሆኑን ተነተኑ። ያን ጊዜ የሙሽሪትም ሳቅ አልቆየም። እንደ ምንም ተነስተው ሲያበቁ የሙሽራው አጎት ፊልሙ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ጠየቃቸው። ጠያቂ ማግኘታቸው እንዴት ደስ አላቸው! ወዲያው የካሜራውን ጀርባ ከፍተው አሳዩት። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘው አበቃለት፤ ሠርጉ በሙሉ እዚያው ድራሹ ጠፋ። ሙሽሪት እስከ ዛሬ ሰላም የምትላቸው በግድ ነው።

ከካሜራው የባሰው ግን የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ነው። ከየአሮጌ ዕቃ መሸጫው እየለቀሙ ያመጣሉ፤ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጠርገው መስታወት አልብሰው ይሰቅላሉ። እንግዳ ቀርቦ “ደስ የሚል ፊት አለው” ካለ ጉዱ ፈላ። “ፊቱን ተዉትና ኮሌታውን እዩ!” ይላሉ። ፊት ምንም አይናገርም፣ ኮሌታ ግን ዘመኑን ቁልጭ አድርጎ ይናገራል ባይ ናቸው። ስለ ኮሌታ የሚያውቁትን ሁሉ ከሚስታቸው እንደተማሩ ለማንም ትንፍሽ አይሉም። አንድ ጎረቤት “አባቴ በወጣትነቱ” ብሎ አንድ ፎቶ ቢያሳያቸው፣ ኮሌታውን አይተው ፈረዱበት። ሰውየው አባቱን ይዞ መጥቶ አያቱን ይዞ ሄደ።

ነገሩ የከረረው የሚስትየዋ እናት መርሳት ሲጀምሩና ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ነው። ከቁም ሳጥኑ የተረፉት ካሜራዎች ትርፉን ክፍል ይዘውት ነበር። ክቡርነታቸው ሌንስ እርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ሻጋታ እንደሚያበቅል አስጠነቀቁ። ሚስትየዋ “እናቴም እርጥበት አትወድም” አለችና ካሜራዎቹን አልጋ ሥር ከተተቻቸው። ፎቶዎቹ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀሩ።

እሷ የፈራችው ግን የቦታ ጥበትን አልነበረም። እናቷ በመጡ ሰሞን ስለ ራሳቸው ሠርግ ሲያወሩ፣ ሊቀ ካሜራ ዓመተ ምሕረቱን አረሟቸው። አሮጊቷ አፍረው እራትም ሳይቀምሱ ተኙ። ልጃቸው አንጀቷ ተቃጠለ። ባሏን ጓዳ ጠርታ “እናቴን ደግመህ ብታርም፣ አንድም ካሜራ እዚህ ቤት አያድርም” አለቻቸው። እሳቸውም እውነቱን መናገራቸው ምን ጥፋት እንዳለው ሊገባቸው አልቻለም።

አንድ ጠዋት ሚስትየዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብትገባ፣ እናቷ ከግድግዳው አንድ ፎቶ አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ባሏ አጠገባቸው ቆሟል። እዚህ ላይ ማዕረጉን ለጊዜው እናቆየው።

“ወንድሜ ነው” አሉ እናትየው። “ታላቄ። የት አገኛችሁት?”

ወንድምየው እሳቸው ልጅ ሳሉ የሞተባቸው ነው፤ አንድም ፎቶ አልነበረውም። ሚስትየዋ የፎቶውን ኮሌታ አየች። አንገት የሚያንቅ ደረቅ ኮሌታ ነው፤ እንዲህ ያለው እናቷ ገና ሳይወለዱ መለበሱ ቀርቷል። እሷ ያየችውን ባሏም እንደሚያይ አላጣችውም። ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አወረደ፤ ሁሌ ሊፈርድ ሲል እንዲህ ነው።

ፎቶውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

“እማማ፣ ፊቱ እኮ ቁርጥ እርስዎን ነው” አለ። “ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እስከ ምሳ አዳመጣቸው። ወንድምየው መጀመሪያ ነጋዴ ነበር፣ ቆይቶ ወታደር ሆነ፣ ቆይቶ ደግሞ በልጅነቱ ሞተ። አንዱንም አላረመም።

ሚስትየዋ ስፌት መኪናዋ ጋ ተመልሳ ብትቀመጥ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ክር ማስገባት አቃታት። ከሰዓት በኋላ ከቁም ሳጥኗ አንዱን መደርደሪያ ባዶ አደረገችለት። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ ብትነግረው ልቡ ያብጣል። ክቡር ሊቀ ካሜራም ባዶ መደርደሪያ ካዩ ምክንያት አይጠይቁም፤ ይኸው ሞልቷል።