ጠመንጃ ልመርጥ ሄጄ በትንፋሼ ሰው አስወጣሁ

ጎበዝ፣ ዛሬ በኔ ምክንያት አንድ የተኩስ መለማመጃ ቤት ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆነ። ሰው ሁሉ መሣሪያውን አስቀምጦ ወጣ!

ተኩሼ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ገና አንድም ጥይት አልተኮስኩም ነበር።

ተንፍሼ ነው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሊዲያን ታውቋታላችሁ። ፎቶዋን በለጠፍኩ ቁጥር «ሰርጉ መቼ ነው?» እያላችሁ የምታደርቁኝ በእሷ ነው። አባቷ ጋሽ ተፈራ ከዳላስ አጠገብ ካለችው ከዋይሊ ከተማ ወጣ ብሎ ፍየል ያረባሉ። ለበዓል ፍየል የሚፈልግ የዳላስ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው።

የሚመጣው እሁድ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። ችግሩ ጋሼ ገና «ይምጡ» አላሉም። የእሳቸው ቃል ሳይገኝ ደግሞ ሽማግሌዎቼ ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም።

ታዲያ ባለፈው ቤታቸው እራት ላይ ኮዮቲ ግልገሎቻቸውን እየጨረሰባቸው መሆኑን አነሱ። ኮዮቲ ማለት የኛን ቀበሮ የሚመስል፣ ግን ቴክሳስ ያደገ፣ ሰው የማይፈራ አውሬ ነው። በረታቸውንም የሚጠብቁበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ኢላማ የሚለማመዱበት ቀለል ያለ ጠመንጃ ሊገዙ ፈልገዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መቼም የጎጃም ልጅ ነህ፤ መሣሪያ ታውቃለህ አይደል?»

«ጋሼ! የት ተወልጄ!»

ይቺን ነው እንግዲህ ምላሴ ያለችው።

እውነቱን ለእናንተ ልናገር? ደብረ ማርቆስ የተወለድኩት መድኃኒት ቤት ካላቸው ሰዎች ነው። ቃታ ያለው ነገር ይዤ የማውቀው ፋርመርስ ብራንች ከተማ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ኮድና ዋጋ የማነብበትን ስካነር ብቻ ነው። እሱም ስትስበው «ቲን» ነው የሚለው!

ሊዲያ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ በር ላይ ያዘችኝና፣ «ዳድን ኢምፕረስ ለማድረግ ትራይ አታድርግ፣ ኦኬ? ሂ ኖውስ፣ ያውቅብሃል» አለችኝ።

ሰማኋት? አልሰማኋትም። የመሣሪያ ቪዲዮ ላይ ተደፋሁ። ቪከሪ ሜዶ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ወንድሜ፣ ሰላም ነው ግን?» እስኪለኝ ድረስ።

የተማርኩት ነገር ግን አለ። የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ካርባይን የሚባል አጭር ጠመንጃ አለ። ሰደፉ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ እንደ ሽጉጥ እጅ ላይ አይወዛወዝም፤ ሲተኮስም ትከሻ አይደቃም። ጋሼ ደግሞ ድሮ የገዙት ዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ አላቸው። ሶ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥይት! ይሄ የገባኝ ቀን ብቻዬን አጨበጨብኩ። ስነግራቸው ጋሼም ደስ አላቸው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጀግና ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ኮትና ከረባት አድርገው መጡ። መሣሪያ በክብር ነው የሚገዛው ባይ ናቸው። የዛፍ ብናኝ አለርጂያቸው ስለተነሳባቸው በየደቂቃው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። (ይቺን አለርጂ ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።)

ሱቁ ከፊት መሸጫ፣ ከኋላ መለማመጃ ነው። ሻጩ ሁለት ካርባይን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልን። አንዱ ልሙጥ ነው፤ ምንም የለውም። ሌላው ጥቁር፣ መብራት ያለው፣ ሌዘር ያለው፣ ከፊቱ ሌላ እጀታ የተተከለለት ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነው!»

ጋሼ አነሱት፣ መዘኑት፣ መልሰው አስቀመጡት። «ይሄማ ከግልገሌ ይከብዳል። የምጠብቀው በረት ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?»

ከዚያ ቁም ነገር ጠየቁኝ። አዲሶቹ ቤቶች አጥራቸው ድረስ መጥተዋል፤ ጥይቱ ስቶ ወደ ጎረቤት ቢሄድስ? ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሻጩ ዞርኩ።

ሻጩ በእርጋታ አስረዳ። አቅሙ ከትልቅ ጠመንጃ ቢያንስም ጥይት ጥይት ነው፤ ሩቅ ይሄዳል። ከኮዮቲው ኋላ የአፈር ቁልል ከሌለ አይተኮስም። አውሬውም ቀረብ ማለት አለበት።

«እኔም ልልዎት የነበረው ይሄንኑ ነው» አልኩ።

አታሳፍርም ምላሴ?

ሻጩ ሁለቱንም ሞክራችሁ ምረጡ አለንና ወደ ኋላ ገባን። እዚያ የሚቆጣጠረው ቀይ ፂም ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ሁላችንም የጆሮ መከላከያ አደረግን። የኤሌክትሮኒክ ነው፤ ተኩሱን ያፍናል፣ ትንሿን ድምፅ ግን ያጎላል። ሰውየው ሕጉን ነገረኝ፤ አፈሙዙ ሁሌም ወደ ኢላማው፣ ጣት ከቃታው ውጪ። ገባህ?

እኔም እንደ ወጋችን መለስኩለት። ታውቋታላችሁ መቼም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምትደረግባት፣ እናቶቻችን ስልክ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሏት «አዎ»።

«ህእ!»

ሰውየው ክው አለ። ለካ የኔ «አዎ» ጆሮው ውስጥ የገባችው ውሃ የወሰደው ሰው ድምፅ ሆና ነው!

«አር ዩ ኦኬ፣ ሰር?»

«ህእ!»

«ካን ዩ ብሪዝ?» መተንፈስ ትችላለህ ወይ ማለቱ ነው።

«ህእ!»

ወደ ጋሼ ዞሮ እርስዎስ ደህና ነዎት ወይ አላቸው። ጋሼ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በሙሉ ክብር፦

«ህእ!»

በቃ! ሁለት ሰው! አየር ማስወጫው ተበላሽቶ ሰው ሊያፍን ነው ብሎ አሰበ። «ሲዝ ፋየር!» ብሎ ሲጮህ ተኩሱ ሁሉ ቆመ። ሰው መሣሪያውን ባዶ እያደረገ፣ እያስቀመጠ ወጣ። እኔም ደንግጬ አብሬ ወጣሁ። ማን እንደታመመ ለማየት አንገቴን እያሰገግኩ!

ታማሚው እኔ ነኝ ለካ።

ወንበር ላይ አስቀመጡን። አንዲት ሠራተኛ የጋሼን ኮት አስወልቃ የደም ግፊት መለኪያ ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች። ከረባታቸውን ልታላላ ስትል «ተይ!» አሏት፣ በአማርኛ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ያ አስተያየት! እሁድ ዓይኔ እያየ ስትሄድ ታየኝ። ሊዲያም አብራት።

ስልኬ የጠራው ያኔ ነው። ሊዲያ ናት፣ «እንዴት ሆናችሁ?» ልትል። ስፒከር ላይ አድርጌ እያላበኝ ነገርኳት።  እሷ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ለሠራተኛዋ በዳላስ እንግሊዝኛዋ አስረዳቻት፤ አልታመሙም፣ «አዎ» እያሏችሁ ነው፣ እኛ ቤት ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።



አንድ ባለ ካውቦይ ባርኔጣ ሽማግሌ «ላይክ ዚስ?» አለና ሞከራት። «ህእ!» ሚስቱ ቀጠለች። ቀይ ፂሙም ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ግማሽ ቴክሳስ አየር እየሳበ ይስማማ ጀመር!

ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ከረባታቸውን አስተካክለው ተመልሰው ገቡ፣ ልሙጡን ካርባይን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው ወረቀቱን መሃል መሃሉን በሱት። እኔ ባለ ሌዘሩን ሞከርኩ። ወረቀቴን አጣጥፌ ይዤዋለሁ፤ አዲስ ነው፣ ለሌላ ሰው ያገለግላል።

ልሙጡን ገዙ።

ስንመለስ ፒክአፕ መኪናቸው ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ብናኙ ይገባል። መደበቅ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መሣሪያ ስይዝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«አውቄያለሁ» አሉኝ። «አያያዝህን ሳይ እንደ ስካነርህ ዋጋ ልታነብበት ነበር የመሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ይዘውኝ ሄዱ?»

«ውሸትህ የት ድረስ እንደሚወስድህ ልይ ብዬ ነዋ። ደም ግፊት እስከ መለካት ድረስ ወሰደን።»

ምን ይባላል? እወዳታለሁ፣ በቃ። ከዚህ በላይ የምዋረድበት ቦታ ስላልቀረኝ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እሁድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ?»

ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።  ከዚያ ቀስ ብለው አየር ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ህእ!»

ወዲያው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ደግሜ አልጠየቅኩም። ዛሬ ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቃል! አሁን ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፤ ሽማግሌዎቼ በየተራ እየደወሉ «እህሳ፣ ሰውየው ምን አሉ?» ይሉኛል።

ወገን፣ እናንተ ፍረዱኝ፤ ያቺ ትንፋሽ «አዎ» ናት ወይስ አለርጂ?