አያሳስብም የተባለው ሸርጣን

በዓለም ላይ ጀግንነት ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በጦር ሜዳ ይወድቃል፤ ሌላው እሳት ውስጥ ገብቶ የጎረቤቱን ሕፃን ያወጣል። የሐይቅ ጤንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደግሞ ማይክሮፎን ፊት ቀጥ ብሎ ይቆምና «አያሳስብም» ይላል። በአገልግሎት ዘመኑ ይህን ቃል ያላለበት ነገር ስለሌለ፣ የከተማው ሰው ስሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ «አቶ አያሳስብም» ይለዋል። እሱም ማዕረግ ይመስለዋል።

ሕዝቡም፣ ምስጋና ይግባውና፣ መግለጫ አዳማጭ ነው። «ድልድዩ አያሳስብም» የተባለ ዕለት ሰዉ ሁሉ በጀልባ መሻገር ጀመረ፤ ድልድዩ ሳይውል ሳያድር ሲደረመስ አንድ ሰው አልተጎዳም። «የቧንቧው ውሃ አያሳስብም» በተባለ ጊዜ ጄሪካን ከየሱቁ ጠፋ። ከቢሮው ጋር እንዲህ የተግባባ ሕዝብ የት ይገኛል?

አንድ ቀን ጠዋት የላብራቶሪ ባለሙያዋ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ የባለጭራው ሸርጣን ነገር ነው» አለችው።

ባለጭራው ሸርጣን ከሐይቁ ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ ሁለት መቀስና ረጅም ጢም ያለው፣ ሲቀቀል ቀይ የሚሆን፣ ከተማዋ የምትኮራበት ፍጥረት ነው።

«ምን ሆነ?»

«እርሳስ ተገኘበት። ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረትም አለበት። ከባትሪ ፋብሪካው የሚወርደው ፍሳሽ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሸርጣኑ ከጭቃው ይበላል፤ ሰው ደግሞ ሸርጣኑን ይበላል።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውስ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ብረቱን ጭቃውና ሸርጣኑ እየያዙት ነው።»

የታላላቅ ሰዎች ታላቅነት የሚታየው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ አደረገና «እንግዲያው ሸርጣኑ ሐይቁን እያጸዳልን ነው በያ!» አለ።

«ጌታዬ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር መርዝ ነው እኮ!»

«እሱን ተይው። አንቺ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታይው።»

ከሰዓት በኋላ በራዲዮ እንዲህ ሲል ተሰማ፦ «የሐይቃችን ሸርጣን ከውስጥ በመነጨ የሥራ ፍቅር ተነሣሥቶ በጽዳት ዘመቻው ግንባር ቀደም ተሳትፎ እያደረገ ይገኛል። በማዕድን የበለጸገ መሆኑም ተረጋግጧል። ለሕፃናትም ሆነ ለነፍሰ ጡር እናቶች በፍጹም አያሳስብም።» ፋብሪካውስ? ፋብሪካውማ ጭራሽ አያሳስብም።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ በጥሞና አዳመጠ። ምሽቱ ሳይገባ ነጋዴዎች ሸርጣናቸውን እየተሸከሙ መልሰው ሐይቅ ውስጥ ደፉት፤ ምግብ ቤቶችም ከሰሌዳቸው ላይ ስሙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል መግለጫውን እንዳለ የተቀበለች አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ እሷም የኃላፊው የገዛ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገፍቷል።

ኃላፊው ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት አገኛት። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ይንተከተካል።

«አባዬ! እንኳን መጣህ» አለችው። «ሸርጣን አምሮኝ፣ ሰዉ ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ የሚያወራውን እየሰማሁ ስፈራ ስቸር ከርሜ ነበር። ዛሬ በራዲዮ ስትናገር ስሰማ ነፍሴ መለስ አለች። ባሌም አንድ ባልዲ ሙሉ በነፃ አመጣልኝ። ነጋዴው ‹በእናትህ ውሰድልኝ› ብሎ ለመነው አሉ።»

የኃላፊው ፊት አመድ መሰለ። «አውርጂው!»

«ምነው?»

«ትኩስ አይደለም። የቆየ ነው።»

«እየተራመደ ነው እኮ የመጣው!»

«ጨው በዝቶበታል።»

«ገና ጨው አልጨመርኩም!»

ሚስቱ ወገቧን ይዛ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ያረገዘች ልጅ አምሯት ይከለከላል? ቢሮህ የፈቀደውን አንተ ትከለክላለህ?»

ይህን ስትል ልጅቱ አንዱን ሸርጣን በሹካ አውጥታ እፍ እፍ ትል ጀመር። ኃላፊው ሆዷን አየ፤ ሹካውን አየ። ዘሎ ከእጇ ነጠቃት። ድስቱንም በባዶ እጁ አንሥቶ፣ «አቃጠለኝ!» እያለ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠው።

«መርዝ ነው!» አለ። ቃሉ ከገዛ አፉ ሲወጣ ሰምቶ እሱም ደነገጠ።

ልጅቱ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ለነፍሰ ጡር እናቶች አያሳስብም አላልክም?»

«አንቺን አላልኩም።»

«እና እኔ ምንድን ነኝ?»

ኃላፊው የተቃጠሉ ጣቶቹን እፍ እፍ አለ።

«በል ነገ ጠዋት ራዲዮ ጣቢያ ሄደህ እውነቱን ተናገር» አለችው እንባዋ እየወረደ። «የሰው ልጅም ልጅ ነው። ካልተናገርክ ግን የምወልደውን በዓይንህ አታየውም!»

በማግስቱ ሄደ። እንደ ወትሮው አልተጀነነም፤ «ከውስጥ በመነጨ»ም አላለም። «ወገኖቼ፣ ሸርጣኑ መርዝ አለበት። እባካችሁ አትብሉ» አለና ወጣ። ከትከሻው ላይ ድንጋይ የወረደለት ያህል ቀለለው፤ ወደ ሐይቁ ዳር መንገድ ሲታጠፍ ማፏጨትም ቃጥቶት ነበር።

መንገዱ ግን በሰው ተጥለቅልቋል። ባልዲ የያዘ፣ ሳፋ የተሸከመ፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ሁሉም ወደ ሐይቁ ይሮጣል። ኃላፊው ጸጉር አስተካካዩን ክንዱን ይዞ አቆመው።

«ወዴት ነው?»

«አልሰሙም እንዴ? ሸርጣኑን አትብሉ ተባለ እኮ! ይሄ ማለት አንድ ትልቅ ነገር አግኝተውበት ለራሳቸው ሊያስቀሩት ነው። ይልቀቁኝ፣ ሳያልቅብኝ!»

«የተናገርኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱማ ድምፅዎን ማን ይስታል? ለዚህ አይደል የምንሮጠው!»

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ መርዝ ነው!» ብሎ ቢጮህ የሰዉ ሩጫ ባሰበት። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ በአንድ እጇ ሳፋ ይዛ በአጠገቡ እልፍ አለች። የልጇን ትንሽ ጭንቅላት ሲያይ እግሩ ራሱ ወደ ራዲዮ ጣቢያው መለሰው። ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ከጋዜጠኛው አፍ ላይ ነጠቀ።

«ቀደም ሲል የተላለፈው መግለጫ የቴክኒክ ስህተት ነበረበት! ሸርጣኑ በፍጹም አያሳስብም! በተለይ ለሕፃናት እጅግ ይመከራል! ብሉ! ሳትሰስቱ ብሉ!»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በሐይቁ ዳር ግን ባልዲው ሁሉ ወዲያው ተደፋ። ያቺ እናትም ሳፋዋን ገልብጣ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሸርጣኖቹም ጢማቸውን እያወዛወዙ ወደ ምድብ ሥራቸው ገቡ።

ኃላፊው ላቡን ሳይጠርግ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ሰማሁህ።»

«የኔ እናት፣ ስሚኝ፣ ያንን ያልኩት እኮ ለ...»

«አይዞህ፣ አልበላም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደ ሰዉ አላምንህም። ስወልድ ግን መጥተህ ታቅፈዋለህ።»

«ተመስገን!» አለ ኃላፊው፤ ከልቡ ነበር ያለው። በዚያች ቀን የሐይቅ ጤንነት ጽሕፈት ቤት ሕዝብን ከአደጋ የመጠበቅ ዕቅዱን መቶ በመቶ አሳካ፤ በከተማዋ ውስጥ የሚያምነው አንድም ሰው አልቀረም።