ሽማግሌዎቹ ላይ የነፋው የሻወር ቤት ፋን

ጓዶች፣ ዛሬ ለትዳር የሰጠኝ አባቴ አይደለም። የሻወር ቤት ፋን ነው!

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እንጅባራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ክረምት ላይ ፎጣ አይደርቅም። የሻወር ቤታችን ኮርኒስ በሻጋታ ጠቁሯል፣ ቀለሙም ተላጥቷል። የዳንግላው ጌታሁን ደግሞ (አዎ፣ የእኔው!) ለዛሬ ጠዋት ሽማግሌ እንደሚልክ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

እኔ ምን አሰብኩ? ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተው ያንን ሻጋታ ቢያዩስ? «የዝርክርክ ቤት ልጅ ናት» ብለው ቢመለሱስ? ጌታሁንን እወደዋለሁ። በሻጋታ ምክንያት አላጣውም!

ስለዚህ እንፋሎቱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን ልገዛ ዳንግላ ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዷ ትንሽ፣ ነጭ፣ ድምፅ የሌላት። ሌላው ትልቅ ብረት፣ ለምግብ ቤት ኩሽና የሚሆን።

ባለሱቁ «ለሻወር ቤት ይቺ ትበቃለች» አለኝ፣ ትንሿን እያሳየኝ።

እኔ ግን የእንጅባራን እርጥበት አውቀዋለሁ። ትልቁን ጭኜ መጣሁ!

ቀጥሎ፣ የት ይገጠም? ሻወር ቤታችን ከአሮጌው ቤት ጋር የተቀጠለ ነው። በጓሮ በኩል ብሎኬት፣ በበረንዳ በኩል የድሮው ጭቃ ግድግዳ። የቱን የበሳሁ ይመስላችኋል?

ጭቃውን ነዋ! ክንዴ የሰው ክንድ ነው።

ትናንት መብራት ስለጠፋ ያለ ስጋት ዩቱብ ላይ እንዳየሁት ሽቦውን አገናኘሁ። መሞከር ግን አልቻልኩም። ግድግዳውን ስበሳ የረገፈው አፈርና ጭድም ወደ በረንዳው በሚወጣው የፋኑ ቱቦ ውስጥ ቀረ። «በኋላ እጠርገዋለሁ» አልኩ።

በኋላ የሚባለው ነገር ስንቱን ሰው በልቷል መሰላችሁ።

ዛሬ ጠዋትም መብራት የለም። ሳሎኑ ስለጨለመ አባዬ ሦስቱን ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ተቀበላቸው። ነጫጭ ጋቢ ለብሰዋል። «ኧረ ተቀመጡ!» ቢላቸው እንደ ወጉ እምቢ አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም።

እና የት ቆሙ? ልክ ከፋኑ ቱቦ ፊት!

እማዬ እኔን «እስክትጠሪ ድምፅሽ እንዳይሰማ!» ብላ ወደ ጓዳ ገፋችኝ። ደንቡ ነው፤ የምትጠየቅ ልጅ ብቅ አትልም። እኔ ግን ሻወር ቤት ገብቼ፣ ባልዲ ገልብጬ ላዩ ላይ ወጣሁና ጆሮዬን ፋኑ ላይ ለጠፍኩ። እንዲህ ጥርት ያለ ኔትወርክ በዚህ ከተማ አግኝቼ አላውቅም!

ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ። «የመጣነው፣ ልጅዎን ለልጃችን ለትዳር እንዲሰጡን ለመለመን ነው።»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

መብራት መጣ።

ቭርርርርርር!

ማጥፊያውን ለካ አብርቼው ነው ያደርኩት። ከባልዲው ወደቅኩ። በጩኸቱ መሃል ሳል፣ ከዚያ «ኧረ በሥላሴ!» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ከበረንዳው የሚወርድ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

ሄዱ! ተቀይመው ሄዱብኝ! እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ማጥፊያው በሩ ሥር እያለ እሱን አልፌ፣ የወለሉን አፈር እንደለበስኩ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ፋኑ ስለሚጮህ እኔም ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«አትሂዱብኝ! እኔ እሺ ብያለሁ!»

መብራቱ የጠፋው «እኔ» ላይ ነው። «እሺ ብያለሁ» የወጣው ጭር ባለ ሰፈር ውስጥ ነው።

ሽማግሌዎቹ የትም አልሄዱም። ግቢው ውስጥ ቆመው ፋኑ የነፋባቸውን አፈርና ጭድ ከጋቢያቸው ላይ እያራገፉ ነበር። ከቀርከሃው አጥር ማዶ ጎረቤታችን ልብስ ማጠቧን አቁማ አንገቷን አሰገገች። እማዬ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

አንደኛው ሽማግሌ ለጓደኛቸው በአዊኛ «ይቺስ ከልጃችን ብሳለች» አሉ። እኔ እኮ አዊኛ እሰማለሁ!

ትልቁ ሽማግሌ ከጢማቸው ላይ ጭድ ለቀሙ። በዝግታ ወደ በረንዳው ተመለሱ። ወንበር ሳቡ።

ተቀመጡ።

«በሉ እንቀመጥ፤ መልሱን አግኝተናል።»

«እኔ እኮ ገና አልተናገርኩም!» አለ አባዬ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ፋኑን አየ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው። እንደምንም ራሱን ገትቶ ለወጉ ያህል «ቤተ ዘመድ እናማክር» አለና ቀጠሮ ሰጣቸው። ግን ማንን ያታልላል?

ሲሸኙ ትልቁ ሽማግሌ ራሴን ዳበሱኝና «ልጄ፣ ለቀጠሮው ስንመጣ ጋቢ አንለብስም» አሉኝ።

ጌታሁን ደወለ። መናገር አልቻለም፤ ስልኩ ውስጥ ሳቅ ብቻ ነው ያለው።

እኔማ ፋኑን ነቅዬ በጓሮ በኩል ልተክለው ነበር፣ ብሎኬቱን በጥርሴም ቢሆን በስቼ። አባዬ ግን «ማንም እንዳይነካው!» ብሏል። በሰርጌ ቀን ለእንግዳ ሁሉ «ልጄን የዳራት ይሄ ነው» ብሎ ሊያሳየው ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሰርግ ላይ ፋን የሚቀመጠው ከወላጆች ጋር ነው ወይስ ከሚዜዎች?